የድሮ ጭቃ ቤት መብራት ሲቀየር ብሩ የት ይገባል?

ደብረ ብርሃን ያለውን የእናታችንን ቤት የመብራት መስመር ከቆጣሪው ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አስቀየርነው። እኔና እህቴ አዋጥተን ነው። ከዚያ ወዲህ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ፈጀ?»

ድምሩን ብቻ ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ሲያልፍ፣ የሽቦውም የብሬከሩም ዋጋ አብሮ ወጣ። መዳቡ የሚመጣው ከውጭ ነው። አንድ ሱቅ ዋጋ ሲጽፍልን ከሥሩ «ለ3 ቀን ብቻ የሚያገለግል» የሚል ጨምሮበታል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ብር እናንተ ስታነቡት ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ብሩ የት የት እንደሚሄድ፣ የቱ ላይ መቆጠብ እንደሚቻልና የቱ ላይ ጨርሶ እንደማይቻል ልንገራችሁ። ዋጋውን ሱቅ ጠይቃችሁ ራሳችሁ ታባዙታላችሁ።

ቤቱ ጭቃ ነው። በባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በጭድና በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጠባሴ አካባቢ ስትሄዱ በየግቢው የምታዩት ዓይነት። መብራት መጀመሪያ ሲገባለት የታሰበው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነበር። በየክፍሉ አንድ አምፖል፣ ሳሎን ውስጥ አንድ ሶኬት፣ አለቀ። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ካውያ መጣ፣ ፍሪጅ መጣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። ብርዳችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ ማሞቂያ ይሰካል። ይህ ሁሉ የተቀጠለው በዚያው በጥንቱ ሽቦ ላይ ነው።

እህቴ መጀመሪያ «ሶኬቶቹን ብቻ እንቀይርና ሌላውን በኋላ» ትል ነበር። አልፈረድኩባትም፣ ወጪው ከባድ ነው። የመብራት ሠራተኛው ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት ኮርኒሱን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጎ በባትሪ አሳየን። ወደ ማዕድ ቤት የሚሄደው ሽቦ መሀል ላይ ተቀጥሏል፤ ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ሙጫ ደርቆ ተላቋል። ሽቦውን በጣቱ ትንሽ ጎንበስ ሲያደርገው ፕላስቲኩ እየተሰነጠቀ ረገፈ፣ ቀለሙም ቀይ የነበረው ቡናማ ሆኗል። ከሥሩ ያለው እንጨት የመዳፍ ያህል ከስሏል። ዙሪያውን አይጥ የሰበሰበችው ጭድና ጨርቅ አለ። የእናታችን አልጋ ከዚያ ትይዩ ነው። ክርክሩ እዚያው ቀረ።

ለምን እዚያ ቦታ ብቻ ከሰለ? ምጣዱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። 3.5 ኪሎዋት ብትሉት፣ ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ባለ 9 ዋት የዘመኑ አምፖል የሚወስደው የአንድ አምፔር ፍርፋሪ ነው። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከኮረንቲው ጋር እኩል አይጨምርም፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ያውም መሀሉ ላልቶ የተቀጠለ፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ለሰዓታት ሲግል ኖሯል ማለት ነው። የላላው ቦታ ከሁሉ የበለጠ ይግላል። ሲግል ይበልጥ ይላላል።

ፊውዙስ የት ነበር? ነበረ። ሲቃጠል ጊዜ የሽቦ ክር ተጠቅልሎበት ነበር የተመለሰው። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ። ብሬከር ያላቸውም «እየጣለ አስቸገረኝ» ብለው በትልቅ ያስቀይሩታል። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ትልቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ይህን ለእናቶቻችንም ለተከራዮቻችንም ደጋግመን መንገር አለብን።

አሁን ወደ ብሩ። ከወጪያችን ግማሽ የሚጠጋው የሄደው ለሽቦ ነው። ለሦስት ክፍልና ለማዕድ ቤት፣ ለአምፖል ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሦስት ጥቅል፣ ለሶኬት ባለ 2.5 አራት ጥቅል ገባ። አንድ ጥቅል 100 ሜትር ነው። ለምጣዱ ለብቻው ባለ 6፣ ከቆጣሪው እስከ ማከፋፈያው ሳጥን ደግሞ ባለ 10 በሜትር ተቆርጦ ተገዛ። ለምጣድ ባለ 4ም ይበቃል የሚል ባለሙያ አለ፣ ልክ ነው፤ የእኛ ማዕድ ቤት ከዋናው ቤት ራቅ ስለሚል ነው ወፈር ያደረግነው።

ሽቦ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። አንድ ሱቅ ውስጥ ባለ 2.5 የተባለውን ከሌላው በጣም ባነሰ ዋጋ አቀረቡልን። «ያው ነው እህቴ፣ ሁሉም መዳብ ነው» አለኝ ልጁ። ሠራተኛችን ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርገው ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ብሎን ሲያጠብቁት ይሟሽሻል፣ ከጊዜ በኋላም ይላላል። ከላይ ስለ ላላ ሽቦ ያልኩትን አስታውሱ።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው ሚዛን ነው። የባለ 2.5 ሽቦ 100 ሜትር ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ውፍረቱን በርዝመቱና በመዳብ ክብደት ማባዛት ነው። ከነፕላስቲኩ 3 ኪሎ ይደርሳል፣ ያልፋልም። የባለ 1.5 መዳብ 1.3 ኪሎ፣ የባለ 4 ወደ 3.6 ኪሎ፣ የባለ 6 ደግሞ 5.4 ኪሎ ገደማ ነው። ያ ርካሹ ጥቅል አጠገቡ ባለው እህል ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ከነፕላስቲኩ 2 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ሻጩ አላስመዝንም ካለ ሂዱ፣ ሌላ ሱቅ አለ።

ሁለተኛው ወጪ ሳጥኑ፣ ብሬከሮቹ፣ ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያው ነው። እዚህ ላይ መቆጠብ ይቻላል። ያሸበረቀ ማብሪያ ማጥፊያ አያስፈልግም። ሶኬት ግን ጠንካራ ይሁን፤ የሚወዛወዝ ሶኬት እንደ ላላ ሽቦ ይግላል። ምጣዱን ጭራሽ ሶኬት ላይ አልሰካነውም፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ማብሪያ አለው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ነገር። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ኮንጎ ጫማ ታደርግ ነበር። ምጣዱን ከፍታ የምትዘጋውም በደረቅ ጨርቅ ይዛ ነው። ለምን ስትባል «ይነዝረኛላ» ትላለች፣ እንደ ተራ ነገር። ጎረቤቶቿም እንደዚያው። ማዕድ ቤቱ ወለሉ አፈር ነው፣ ሊጥ ይፈስበታል፣ ውሃ ይደፋበታል፤ ምጣዱ የብረት አካል አለው፤ የሚነዝረው ኮረንቲ የሚወርድበት ሌላ መንገድ ስለሌለ በሰው በኩል ይወርዳል። የድሮው ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ጭራሽ አልተዘረጋም። እናቶቻችን ይህን ለምደውታል፣ ማንም ግን ሊለምደው አይገባም። ብር የለኝም የሚል ሰው ካለ አምፖሉን ይተው፣ ቀለሙን ይተው፣ ይህን የመሬት መስመር ግን ያሠራ።

የሚያስፈልገው መሬት ውስጥ የሚመታ መዳብ የተለበጠ ዘንግ፣ ማሰሪያውና ባለ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ይኸው ነበር። ዘንጉን እርጥበት የማይለየው ቦታ፣ ዕቃ የሚታጠብበት ውሃ የሚፈስበት ጥግ አስመታነው። የኛ አገር ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጥሩ ነው፤ በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ ኮረንቲ የመቀበል ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘንጉ ኮረንቲን ወደ መሬት በደንብ ማውረዱ የሚለካው በበጋ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ላይ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ የሚባለውን መቁረጫ ሳጥኑ ውስጥ አስገባን። ፌዝ በሚባለው ሽቦ የሄደውና ኒውትራል በሚባለው የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን እያየ ይቆያል፤ ልዩነቱ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት እየሄደ ነው ማለት ስለሆነ በቅጽበት ይቆርጣል። ይህ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ግን ብሬከር ይህን ሥራ አይሠራም፤ ሰው የሚገድል ኮረንቲ ብሬከር ለመጣል በጣም ትንሽ ነው።

የእጅ ዋጋ በነጥብ ነው የሚታሰበው። እያንዳንዱ አምፖል፣ እያንዳንዱ ሶኬት አንድ ነጥብ። ማብሪያ ማጥፊያው ከአምፖሉ ጋር ይቆጠራል ወይስ ለብቻው? ሥራ ሳይጀመር ተነጋገሩ፣ ጻፉትም። አሮጌውን ሽቦ ነቅሎ ማውጣትም ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል። የሚወጣውን መዳብ ማን ይወስደዋል የሚለውም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ይሸጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የግድግዳውን ወጪ ነው። ብሎኬት ቤት ሲሆን ይሰረሰራል፣ ቱቦ ይገባል፣ በሲሚንቶ ይደፈናል። ጭቃ ቤት እንዲህ አይሆንም። መሮው ሲያርፍበት ምርጊቱ በቁሙ ይወርዳል፣ ማገሩ ገጥጦ ይወጣል፤ ላዩ ሲሚንቶ ከተለሰነ ደግሞ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይመጣል። ከዚያ መራጊ፣ ለሳኝ፣ ቀለም ቀቢ። የመብራቱን ያህል ሌላ ወጪ ማለት ነው። እኛ ቱቦውን በኮርኒሱ ላይ አስኬድን፣ ግድግዳው ላይ የሚወርደውን ከላዩ በሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ዘጋነው። እህቴ ለሳሎኑ ውበት ተከራክራ ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ያን ያህል አያምርም። ግን ሲበላሽ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይቻላል፣ ግድግዳም አይፈርስም። ኮርኒሱ ችፑድ ስለነበር ከፊሉ ሲነሳ ተሰበረ፤ እሱን መተካት ከጠበቅነው በላይ አስወጣን። ለዚህ ከመነሻው ብር አስቀምጡ።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ በኩል ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆላ ነው፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር ራሱ ይፋጃል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ቀድሞ በሞቀ ቦታ የሚያልፍ ሽቦ የሚሸከመው ኮረንቲ ከእኛው ያንሳል፤ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ግዙ።

አንድ ላይ መክፈል ያልቻለ ሰው በየተራ ማሠራት ይችላል። ቅድሚያ ምጣዱ፦ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ዘንጉ። ቀጥሎ ሳጥኑና አርሲዲው። ከዚያ ሶኬቶቹ። አምፖል መጨረሻ ቢሆን ግድ የለም፣ ዛሬ አምፖል የሚፈጀው ኮረንቲ ትንሽ ነው፤ የሽቦው ፕላስቲክ የረገፈ ከሆነ ብቻ አትጠብቁ። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለውን ግን እናንተም ሠራተኛውም አትንኩት፣ የታሸገው ለምክንያት ነው፤ እዚያ ችግር ካለ መብራት ኃይል ጠርቶ ማሠራት ነው።

የእኛም ገና አላለቀም። ግቢው ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፣ አሁንም በድሮው ሽቦ ነው የሚሠሩት። ለጊዜው ከሳጥኑ ባለ 10 አምፔር ብሬከር ለብቻቸው አድርገንላቸዋል፣ ተከራዮቹንም ምድጃና ማሞቂያ እንዳይሰኩ ነግረናቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ለእነሱ የሚሆን ሁለት ጥቅል ባለ 2.5 እንገዛለን። ሚዛን ላይ ወጥቶ።