ከጣርማበር ገደል ሥር

ደብረ ብርሃን ያደርኩበት ሆቴል የሰጠኝ አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ያውም ስሟ በብርድ ልብስ ፋብሪካ በሚነሣ ከተማ! እንዲጨምሩልኝ ብጠይቅ አስተናጋጁ «ጋቢ አልያዙም እንዴ?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። እኔ የአሶሳ ልጅ ነኝ፤ ጋቢ ተሸክሞ መጓዝ ከየት ልልመድ? ከነጃኬቴና ከነጫማዬ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ ነጋ።

እስከ ጣርማበር ያለውን መንገድ ተኝቼበታለሁ። የቀሰቀሰኝ ረዳቱ ነው፤ ለቦርሳዬ የሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ተጨቃጭቄ ግማሹን ከፈልኩ።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ካስፈለፈለው መሿለኪያ አጠገብ ወረድኩ። የሸዋን ድንጋይ እንደምንቅ አልደብቅም። የእኛ አገሩ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ላቫ ነው፤ ተቀብሮ፣ ተጨምቆና ግሎ አረንጓዴ ሆኗል፤ ወርቁም የሚገኘው በእሱው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ይህን ደጋ የገነባው ላቫ ግን መፍሰስ ከጀመረ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን!

ለመንገዱ የተቆረጠውን ግድግዳ ቀርቤ ሳየው ግን እግሬ አልነቃነቅ አለ። ባዛልት የሚባለው፣ ላቫ ቀዝቅዞ የሠራው ጥቁር ድንጋይ ሽንብራ በሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች ተሞልቷል። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዙ ትቷቸው የሄደ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በኋላ ትኩስ ውኃ እየሰረገ ዜኦላይት የሚባል ነጭ ማዕድን ሞላባቸው። በአጉሊ መነጽር ሳይ ከአንዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ተዘርግተዋል። የድንጋይ መለወጥ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሙቀቱና ጭነቱ እየበረታ ቢሄድ የእኛው አረንጓዴ ይመጣ ነበር።

አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ወርቅ ነው የምትፈልገው?»

«አይ አባቴ፣ ወርቁስ እኛ አገር ነው።»

ሳቁብኝና ከአገልግላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በጣታቸው ቁልቁል የይዛባን አቅጣጫ አሳዩኝ፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ተራራው ከነማሳው፣ ከነቤቱ የተንሸራተተበትን። «ውኃው ከላይ ይገባል፣ የሚበላው ግን ከሥር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የተሰነጣጠቀው ባዛልት ዝናቡን ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው የላሸቀ አፈር ደግሞ ውኃ ሲጠግብ ሸክሙን ይለቃል።

ገደሉ ራሱ የስብራት ውጤት ነው። ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት መሬቱ እየተሰበረ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ወረደ። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ስብራቱም አልሞተም፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የዚሁ ጠርዝ ሥራ ነው።

ደብረ ሲና ላይ ከቆሎ ሻጮቹ መካከል አንድ ልጅ ነጭ ያዘለ ድንጋይ ይዞ መጣ።

«የመንዝ ኦፓል ነው፣ 500 ብር!»

መንዝ ውስጥ በእርግጥ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ አለ፤ ይህ ግን ጠዋት ያየሁት ዜኦላይት ነው። አስረዳሁት። በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እሱም ቢሆን 200 ብር ነው» አለኝ። ቆሎ ተጨምሮበት በ150 ተስማማን።