መበለት

ዛሬ ጅማ፣ ኮቺ። አከራያችን ደጅ ላይ ተቀምጠው ዶሮ ይበልታሉ። ከጎናቸው ሕክምና የምትማረው ተከራይ ደብተሯን ይዛ ታጠናለች።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«አናቶሚ ነው እማማ። ግሪክኛ ነው፤ ቆራርጦ መለያየት እንደማለት።»

«እና መበለት ነዋ!»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ዓይኔ ቢላዋው ላይ ነበር። አጥንት አይነካም። መጋጠሚያውን ይፈልግና ሹልክ ብሎ ይገባል። 12ቱም ብልት አንድ አጥንት ሳይሰበር ወጣ።

ብልት እኮ ከዚሁ ከመበለት የመጣ ቃል ነው። ማንኛውም የአካል ክፍል ነው። ዛሬ ሐፍረተ ሥጋ ብቻ አስመሰልነውና ስንጠራው እንሽኮረመማለን።

የፈረንጆቹም ስም ቢሆን ከቤትና ከጓሮ ብዙ አይርቅም። ጡንቻን «መስል» የሚሉት በላቲን «ትንሽ አይጥ» ከሚል ቃል ነው። ክንድ ሲታጠፍ እዩት፣ ከቆዳ ሥር የሆነች ነገር ትሮጣለች። የቅልጥሙ አጥንት ቲቢያ ደግሞ በዚያው ቋንቋ ዋሽንትም ነው።

የጥንት ግሪኮች ከሬሳ ላይ ባዶ ሆኖ ስላገኙት አርተሪን፣ ከልብ ደም የሚወስደውን ሥር፣ የአየር ቧንቧ አድርገውት ነበር። የእኛዎቹ ደም ቅዳና ደም መልስ ግን ሥራቸውን በስማቸው ይናገራሉ። ምን ያደርጋል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው።