ስድስት ጫማ በማን መለኪያ?

በሃዋይዋ ኦዋሁ ደሴት ጎብኚ በሚያመላልስ ድርጅት በሹፌርነት በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ የእኔን ቃል አምኖ ውሃ ውስጥ ገባና ትከሻው ወለቀ። ልጁ ድኖ ከወላጆቹ ጋር ወደ ቤቱ ተመልሷል። የተናገርኩት ቃል ግን ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ቃሉ የሞገድ ቁመት የሚገልጽ አንድ ቁጥር ነው፤ «6 ጫማ»።

ወሩ ጥር ነበር። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ላይ ዋይኪኪ ካለ ሆቴል አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጃቸውንና የ9 ዓመት እህቱን ጫንኩ። ባሕር ከሌለበት ከአሜሪካ መሀል አገር የመጡ፣ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ፕሮግራማቸው የተለመደው ነው፤ ደሴቲቱን አቋርጦ ወደ ሰሜን ዳርቻ መውጣት፣ ሰርፈሮችን (በሰሌዳ ሞገድ የሚጋልቡትን) እና ኤሊዎችን ማየት፣ ምሳ በልቶ መመለስ።

ከመነሳቴ በፊት ለስምሪት ኃላፊያችን ደወልኩ። የደሴቲቱ ተወላጅ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰርፍ ሲያደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ታላቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። እኛ «ጋሼ» እንደምንለው እነሱ «አንክል» ይላሉ፤ አፌ ቶሎ ነው የለመደው።

«ሰሜኑ ዛሬ እንዴት ነው አንክል?»

«ከ4 እስከ 6 ነው ልጄ። ጥሩ ነው፤ ነፋሱም ከምድር ወደ ባሕር ነው።»

ስልኬ ላይ የአየር ትንበያውን አየሁ፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አልወጣም። ተነሳን። ዋሂያዋን አልፈን በአናናሱ እርሻ መካከል ስናልፍ (አፈሩ እንደ ወላይታ አፈር ቀይ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይለውጠኛል) እንግዶቼ መዝሙር እየዘመሩ ነበር። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ባሕሩ ብቅ አለ። ከዳርቻው ላይ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። የሚያምር ቀን ነበር።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ሐይቃችን ላይ ሞገድ የሚነሳው ነፋስ ሲነሳ ነው፤ ነፋሱ ሲተኛ ውሃውም ይተኛል። በዚህ ልማድ ላደገ ሰው ፓስፊክን ማንበብ ከባድ ነው። እዚህ ፀሐይ ወጥታ፣ የዘንባባ ቅጠል ሳይወዛወዝ፣ ሞገዱ ቤት ሊያክል ይችላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በስተሰሜን ሩቅ፣ በአሌውሺያን ደሴቶች አካባቢ፣ ከባድ ወጀብ ይነሳል። ወጀቡ ራሱ ሃዋይ አይደርስም። የገፋው ውሃ ግን ሁለት ሦስት ቀን ተጉዞ ሰሜኑን ዳርቻ ይመታል። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከኒውዚላንድ ወዲያ የተነሳው ሳምንት ገደማ ተጉዞ ደቡቡን፣ ዋይኪኪን፣ ያነቃዋል። ሰሜኑ ያን ጊዜ እንደ ኩሬ ይረጋል። በሰሜኑ ዳርቻ ያለውን የዋይሜያ ሰላጤ በሐምሌ ያየ ሰው በጥር ቢመለስ ሌላ አገር የመጣ ይመስለዋል።

ዋይሜያ ስንደርስ 4 ሰዓት አልፏል። ሰላጤው ጠበብ ያለ ነው፤ በሁለት ጎኑ ጥቁር ድንጋይ፣ መሀሉ ወፍራም አሸዋ። ቦታው ዝናውን ያገኘበት ትልቁ ሞገድ የሚሰበረው ራቅ ብሎ፣ ፊትን ወደ ባሕር ሲያዞሩ በቀኝ ባለው ጫፍ በኩል ነው። እዚያ የሚነሳው ባሕሩ እጅግ ሲከብድ ብቻ ስለሆነ ያን ቀን ጫፉ ዝም ብሏል። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የሚለውን ተረት ከእናቴ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ያን ሰዓት ግን አልመጣልኝም።

አባትየው «እግራችንን ብንነክር ችግር አለው?» አለኝ። ከነፍስ አድን ማማው ሥር የተተከለውን የአደጋ ምልክት አይቼዋለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ በመጣሁ ቁጥር ስላየሁት ግን ዓይኔ ለምዶት እንደ መንገድ ዳር ዛፍ ሆኗል። «ዛሬ ቢበዛ 6 ጫማ ነው፤ ከጉልበት አትለፉ» አልኩት። «እሱማ የእኔ ቁመት ነው» ብሎ ሳቀ፤ ረጅም ሰው ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል ቆመን አየን። የሚመጣው ውሃ ቁርጭምጭሚት ነክቶ ይመለሳል።

እናትየው ከልጅቷ ጋር ደረቁ አሸዋ ላይ ቀረች። አባትና ልጅ ገቡ። ከማማው ላይ በድምፅ ማጉያ የሆነ ሰው ተጣራ፤ ለእነሱ መሆኑን ሳናውቅ ውሃው ወደ ኋላ መጎተት ጀመረ። ከጉልበታቸው ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ወረደ፣ ከዚያም ባዶ አሸዋ ሆነ። አሸዋው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ስለሆነ ሁለቱም ሳይፈልጉ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ታች ተንሸራተቱ። ቀና ስል ከፊታቸው የቆመው ውሃ የአባትየውን ቁመት እጥፍ ያክል ነበር።

አባትየውን ወደ ዳር ወረወረው። ልጁን ግን ወደ ላይ አነሳውና ከአሸዋው ጋር አጋጭቶ ወደ ውስጥ ወሰደው። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ጫማዬን እያወለቅሁ ሳለ አንዲት የነፍስ አድን ሠራተኛ በአጠገቤ ሮጣ ስታልፍ «አትግባ!» ብላ ጮኸችብኝና በሁለት ሞገድ መካከል ዘላ ገባች። ልጁን ይዛው ወዲያው ወደ እኛ አልመጣችም። እየዋኘች ወደ ጥልቁ ወጣች፤ ሞገዱ ከማይሰበርበት ቦታ ላይ በተንሳፋፊዋ ደግፋው ቆየች፤ ውሃው ፋታ እስኪሰጥ ጠብቃ ነው ያወጣችው። እናትየው በዚያ ሁሉ ጊዜ የልጇን ስም ስትጠራ ነበር። እኔ ደግሞ እህቱ እጄን መያዟን እንኳ ያወቅሁት ጣቶቼ ሲያሙኝ ነው።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ የነፍስ አድን ሠራተኛዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስንት ነው ብለህ ነገርካቸው?»

«6።»

«ከማን ሰማህ?»

ነገርኳት። «እሳቸው አልተሳሳቱም» አለች። «የነገሩህ ግን በሃዋይ መለኪያ ነው።»

የደሴቲቱ ሰርፈሮች ሞገድን የሚለኩት ከጀርባው ነው ይባላል፤ ቁጥሩ ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው ከሚታየው ቁመት ግማሽ ገደማ ይሆናል። አንክል «ከ4 እስከ 6» ሲሉ ለእኔና ለእንግዶቼ ዓይን ከ8 እስከ 12 ጫማ ማለት ነው። የመንግሥት የአየር ትንበያ ደግሞ የሚናገረው የፊቱን ቁመት ነው፤ ለሰሜኑ ዳርቻ የመጀመሪያውን ማሳሰቢያ የሚያወጣው 15 ጫማ ሲደርስ፣ ከባዱን ማስጠንቀቂያ ደግሞ በ25 ነው። ስለዚህ ስልኬ ዝም ያለው ባሕሩ ደኅና ስለሆነ አልነበረም። 12 ጫማ በእነሱ ክረምት ለሰሜኑ ዳርቻ ተራ ቀን ነው። ያ ተራ ቀን ግን ዋይሜያ አሸዋ ላይ በቀጥታ ሲሰበር አንገት ይሰብራል።

እዚያው ሰላጤ ዳር የኤዲ አይካው መታሰቢያ ድንጋይ አለ። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዋይሜያ ላይ የነፍስ አድን ሥራ የጀመረ፣ ብዙ መቶ ሰው ከውሃ ያወጣ፣ በ1978 የተገለበጠች ታንኳ ላይ ላሉ ባልደረቦቹ እርዳታ ሊያመጣ በሰሌዳው ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነው። በስሙ የሚደረገው ውድድር ሞገዱ በሃዋይ መለኪያ 20 ጫማ ካልደረሰ አይካሄድም፤ ከፊት ሲታይ 40 ጫማ ነው። በ2023 ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን ራሱ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሲሆን ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። በእነዚህ ሰዎች አገር ሆኜ «6 ጫማ» ያልኩት መለኪያውን ሳልጠይቅ ነው።

«ሰከንዱንስ ጠይቀህ ነበር?» አለችኝ ሴትየዋ። አልጠየቅሁም፤ እንደሚጠየቅም አላውቅም ነበር። ከአንዱ ሞገድ እስከ ተከታዩ ያለው ጊዜ ያን ቀን 17 ሰከንድ ነበር። በቅርብ ነፋስ የተነሳ ሞገድ 7 ወይም 8 ሰከንድ ይሆናል። 17 ሰከንድ የሆነው በጥልቁ ባሕር ላይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 450 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እንቅስቃሴውም ከ200 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሃዋይ ደግሞ ከውቅያኖሱ ወለል ቀጥ ብሎ የወጣ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጉልበቱን ከሩቅ ጀምሮ የሚሰብርለት ሰፊ ዝቅተኛ ውሃ የለውም። ሞገዶቹም የሚመጡት በቡድን ነው። በመካከል ያለው ፋታ አንዳንዴ 10፣ አንዳንዴ 20 ደቂቃ ይዘልቃል። እኛ ቆመን ያየነው አምስት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ፋታ ውስጥ የወደቀ ነበር።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስብ ያቃጠለኝ ሰዓት ነው። አክስቴ አንድ ጊዜ ከቦሌ ስትነሳ አውሮፕላኑ «ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አልኳት። «በፈረንጅ» የምትለውን ቃል ሳልጨምር ቀረሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሻንጣዋን ይዛ ሄዳ ስድስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰዓትም ዓመተ ምሕረትም ስናገር በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳልናገር አላልፍም። አንድ ቁጥር ሁለት ትርጉም እንዳለው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያወቀ ያደገ ሰው እኮ ነኝ። ያን ጠዋት ግን «በማን?» ማለት አልመጣልኝም፤ ጫማ ጫማ ነው ብዬ።

በማግስቱ አለቃዬ ሪፖርቱን «እንግዶቹ ምልክቱን ችላ ብለው ገቡ» ብዬ እንድጽፍ መከረኝ። ሊጠቅመኝ ብሎ እንደሆነ አልጠራጠርም። የልጁ እናት ፊት ግን ከፊቴ አልጠፋ አለኝ፤ ያልኩትን እንዳለ ጻፍኩ። ለሁለት ሳምንት ከመሪ ታገድኩ። በሦስተኛው ቀን አንክል ቤቴ መጡ። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም።

«ቁጥሩን ሰጠሁህ፣ መለኪያውን አልሰጠሁህም» አሉኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የምናገረው ስለሆነ ሌላ ሰው ሌላ እንደሚሰማ ረሳሁት። ‹ጥሩ ነው› ያልኩህም ለሚጋልበው ሰው ነው። ነገ በጠዋት እወስድሃለሁ።»

ወሰዱኝ፤ በእገዳው ጊዜ ሁሉ ወሰዱኝ። ከሃሌዪዋ እስከ ሰንሴት ያለው መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እንደዚያ አጭር መንገድ ላይ ይህን ያህል የተለያየ ውሃ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሃሌዪዋ ላይ ከወደቡ አጠገብ ወደ ውስጥ የሚጎትተውን ጅረት አሳዩኝ፤ ከሞገዱ ይልቅ እሱ ነው ሰውን የሚያደክመው። ላኒያኬያ ላይ ኤሊ ለማየት በቆሙ መኪኖች መካከል ቆመን የሞገዱን አቅጣጫ አስተማሩኝ፤ ከምዕራብ የሚመጣውን ጎረቤቷ የካዋይ ደሴት በከፊል ስለምትጋርደው፣ አቅጣጫው ትንሽ ሲዞር አንዱ ቦታ ይሞታል ሌላው ይነሳል። ቸንስ ሪፍ ትንሽ በሆነበት ቀን ለጀማሪም የሚሆን ነው። ፓይፕላይን የሚሰበረው ለዳር በጣም ቀርቦ፣ ጥልቀት በሌለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ሞገዱ ሲጠቀለል ከሥሩ ያለው ውሃ ስስ ስለሆነ የወደቀ ሰው ድንጋዩን ያገኘዋል። አሸዋው ላይ ተቀምጠን ስናይ መሬቱ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሰንሴት ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሞገዱ የሚሰበርበት ቦታ ስለሚቀያየር የሚያውቁትም ሰዎች ይሳሳቱበታል።

በየቦታው የሚያዙኝ አንድ ነገር ነበር። «አትናገር፤ 20 ደቂቃ ተመልከት። ሰው ሞገዱ ላይ ሲቆም በቁመቱ ለካው። ከዚያ ስንት እንደሆነ ንገረኝ።» መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ አሳንሼ እናገር ነበር፤ ከዳር የቆመ ዓይን ያሳንሳል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ መጠጋት ጀመርኩ።

ወደ ሥራ ስመለስ የስምሪቱ ወረቀት ላይ አንድ ረድፍ እንዲጨመር ጠየቅሁ፤ የፊት ቁመት፣ ሰከንድ፣ አቅጣጫ። አለቃዬ ፈቀደ። የመኪናችን ጣሪያ 9 ጫማ ገደማ ስለሆነ እኔ ለእንግዶቼ ጫማ አልጠራላቸውም፤ ሲወርዱ ከመኪናው ጎን አቁሜ «ዛሬ ከዚህ ጣሪያ ይበልጣል» ወይም «እስከ መስኮቱ ነው» እላቸዋለሁ። በእነሱ ክረምት ዋይሜያ ላይ ማንንም ወደ ውሃው አላወርድም። ይህን ማንም አላዘዘኝም።

ከልጁ ቤተሰብ ደብዳቤ የመጣው በስድስተኛው ወር ነው። ትከሻው ድኖ እንደገና ኳስ እንደጀመረ እናትየው ጽፋለች። ታናሽ እህቱ ከሥር በእርሳስ «ነፍስ አድኗን ሰላም በልልን» ብላ ጨምራለች። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ለሴትየዋ ማማው ላይ ሰጠኋት፤ ሁለት ጊዜ አንብባ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ትናንት ጠዋት እንደ ልማዴ ደወልኩ።

«ሰሜኑ እንዴት ነው አንክል?»

«8» አሉ። ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ፤ «ከፊት 16። ሰከንዱ 15፣ ከሰሜን ምዕራብ። ስንት ልጆች ይዘሃል?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ፑፑኬያ ኮረብታው ላይ አውጣቸው። ከላይ ሆነው ይዩት።»