ጾም ላይ በጀት የማነብ ሰው የገና መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

በዓል በመጣ ቁጥር ዘመድ መጠየቁ አይቀርም፤ «አሁን አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» የእስያ አገሮችን የመከላከያ ፖሊሲ ነው የማጠናው እላለሁ። «ታዲያ ጦርነት ይነሳል ወይ?» ይከተላል። እኔ እንጃ፣ ጠንቋይ አይደለሁም! ውሎዬ ባብዛኛው በጀት ማንበብ ነው። የጃፓን ካቢኔ ረቂቁን የሚያጸድቀው በታኅሣሥ አጋማሽ፣ እኛ ጾም ላይ እያለን ነው።

ጃፓን ለአሥርተ ዓመታት የመከላከያ ወጪዋን ከአገር ውስጥ ምርቷ አንድ በመቶ አካባቢ ይዛ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቂያ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የኪሺዳ መንግሥት እስከ 2027 ሁለት በመቶ ላደርሰው ነው አለ። ለአምስት ዓመት 43 ትሪሊዮን የን! ያኔ በሙያው ያለን ሁሉ የተንጫጫነው ስለ ረጅም ርቀት ሚሳኤሎቹ ነበር።

አሁን አሁን ግን ቶሎ ብዬ የምፈልገው የሰው ኃይሉን ገጽ ነው። በ2023 የበጀት ዓመት የጃፓን ጦር ልቅጠር ካለው ያገኘው ግማሽ ያህሉን ነው። ደቡብ ኮሪያ ከ600 ሺህ በላይ የነበረውን ሠራዊቷን ከ500 ሺህ በታች አውርዳለች። ምን ታድርግ? በ2023 የወሊድ መጠኗ 0.72 ነው፤ ለአንዲት ሴት አንድ ልጅ እንኳ አይሞላም። ታይዋን ደግሞ ከ2005 ወዲህ የተወለዱ ወንዶችን የአራት ወር የግዴታ ውትድርና ከ2024 ጀምሮ ወደ አንድ ዓመት አሳድጋለች። ኮሪያ ታንክ አልቸገራትም፤ ለፖላንድ ሁሉ ትሸጣለች። ታንኩን የሚነዳው ልጅ ግን በጨረታ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1951 የእኛ ቃኘው ሻለቃ ወጣቶች የዘመቱላት አገር ናት እንግዲህ። ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ሐውልት አላቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ቤታችሁ ልጆች ቄጤማውን ሲበትኑት፣ ድፎው ሳይቆረስ ሲጨቃጨቁ፣ እባካችሁ ቻሏቸው። ከቤተሰብ ርቃችሁ፣ በዓሉ የሥራ ቀን ሆኖባችሁ ለምትውሉም መልካም ገና!

የህንድ በጀት ጥር 24 ይወጣል። እዚያ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወጣቱ ሞልቷል፣ የመከላከያ በጀቱን የሚያጣብበው የወታደሮቹ ጡረታ ነው። በ2022 አብዛኞቹን የጦር ምልምሎች ከአራት ዓመት በኋላ ያለ ጡረታ የሚያሰናብት ቅጥር ሲታወጅ፣ ቢሃር በተባለው ግዛት ውስጥ ወጣቶች በንዴት ባቡር አቃጥለዋል። እሱን ከጥምቀት በኋላ እናወራለን።