የላንድሮቨር ማኒፎልድ ባሕር ዳር ላይ ማፍሰስ

የአሮጌ ላንድሮቨር ወይም የኤፍጄ40 ላንድክሩዘር ባለቤት ማኒፎልዱ (አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ወይም ጭሱን የሚያወጣው ባለ ብዙ አፍ ቱቦ) ሲሰነጠቅበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ያፈስልኛል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ሌላ አለ፦ ጊዛው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው የተሠራበት የፈሰሰ ብረት፣ ገና ሕይወት አለው ወይ? ስንጥቁን በግራይንደር ግለጡት። የሚያበራ ግራጫ ብረት ከታየ ብየዳ ይቀበላል። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ መሃሉን በቪ ቅርጽ ክፈቱ፣ ሙሉ ዕቃውን አሙቁና በኒኬል ኤሌክትሮድ በየ25 ሚሊ ሜትሩ እየቆማችሁ በይዱ። እያንዳንዱን ቁራጭ ሳይቀዘቅዝ በቀላል መዶሻ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ሲያልቅ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት። ግራይንደሩ ሲነካው የሚፈረፍር ጥቁር ነገር ከወጣና ኤሌክትሮዱ እየተንከባለለ አልይዝ ካለ ግን ጊዛው በዓመታት እሳት ተቃጥሏል፤ በዚያ ላይ የሚወጣ የኒኬል ኤሌክትሮድ ገንዘብ ማባከን ነው። ስለ አዲስ ማፍሰስ ማሰብ ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው።

ለምሳሌ የሲሪስ ላንድሮቨሩን ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር እንውሰድ፤ ትክክለኛ መጠኑ 2,286 ሲሲ ነው። ሁለቱም ማኒፎልዶች በአንድ ጎን ናቸው፤ ማስገቢያው አሉሚኒየም፣ የጭስ ማውጫው ጊዛ። የጭሱ ሙቀት ነዳጁን እንዲያተነው መሃል ላይ በብሎን ይያያዛሉ። አሉሚኒየሙን እዚሁ ከተማ ማፍሰስ ይቻላል፤ የድስት አፍሳሾች ችሎታና ምድጃ አለ። ጊዛውን ግን፣ የእኔ ምክር ይህ ነው፣ ፓተርኑን (አሸዋ ላይ የሚታተመውን ሞዴል) እና የኮር ሳጥኑን (ውስጡን ባዶ የሚያደርገው የአሸዋ ቅርጽ የሚሠራበትን) እዚህ ሠርታችሁ፣ ማቅለጡን ኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ) ምድጃ ላለው የአዲስ አበባ ወይም የአቃቂ ፋውንደሪ (ብረት ማፍሰሻ) ስጡ፣ ከዚያ ለፍሬዛ (ፊቱን በማሽን ለማስተካከል) እና ለመብሻ ሥራው ወደዚህ መልሱት። ባሕር ዳር የእጅ ባለሙያ አያጣም፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለዚህ ሳይረዱ አልቀሩም ይመስለኛል።

ገንዘብ የሚበላው ስህተት ከእሳቱ በፊት ይሠራል። አሮጌውን ማኒፎልድ እንዳለ አሸዋ ላይ አትሞ ማፍሰስ ቀላል ይመስላል። ግን ጊዛ ሲቀዘቅዝ 1 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፣ የአሉሚኒየምና ሲሊከን ቅይጥ 1.3 በመቶ ገደማ። 500 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጊዛ 5 ሚሊ ሜትር፣ አሉሚኒየም 6.5 ሚሊ ሜትር አጥሮ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀዳዳ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ስታድ፣ ማለትም ተተክሎ ከቆመው ብሎን፣ ጋር አይገናኙም፤ ቀዳዳውን በሊማ ማስፋት ደግሞ የጭስ መንገዶቹን ከቴስታታው አፍ ጋር አያገናኝም።

አሮጌውን ዕቃ ፓተርን ማድረግ የግድ ከሆነ በየመንገዶቹ መሃል ቆርጣችሁ በየ100 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር አስገቡ፤ ለአሉሚኒየም 1.3። በሚፈረዘው ፊት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለጥፉ፣ ስንጥቁንና የዝገቱን ጉድጓድ በስቱኮ ሙሉ። ከባዶ የሚሠራ ከሆነ ዋንዛ ይሻላል። በሚገባ የደረቀ ዋንዛ በቀላሉ ይጠረባል፣ እርጥበትም ቶሎ አያጣምመውም። ቁመው በሚወጡት ጎኖች ላይ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ዝንባሌ ስጡ፤ አለዚያ ፓተርኑ ሲወጣ አሸዋውን ይዞ ይወጣል። ቱቦው ከፍላንጁ (በብሎን ከሚታሰረው ጠፍጣፋ ጠርዝ) ጋር የሚጋጠምበትን ጥግ በሰም ወይም በስቱኮ አክቡት፤ ስል ጥግ ስንጥቅ ይጠራል። የብሎን ቀዳዳዎችን በፓተርኑ ላይ አትሥሩ። ኋላ በመብሻ ይበሳሉ፣ መለኪያውም ያረጀው ማኒፎልድ ሳይሆን አዲስ ጓርኒሲዮን ይሁን።

ኮሩ የዚህ ሥራ ልብ ነው። የማኒፎልድ ውስጥ ባዶ ስለሆነ ባዶውን የሚይዝ የአሸዋ ቅርጽ ያስፈልጋል፤ እሱም በሁለት ግማሽ የእንጨት ሳጥን ይሠራል። በ10 ኪሎ ደረቅ፣ ደቃቅ የሲሊካ አሸዋ ላይ 400 ግራም ሶዲየም ሲሊኬት አዋሕዱ፤ ሳሙና አምራቾች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይሆናል። የሚፈስሰው ጊዛ ከሆነ 100 ግራም ያህል ሞላሰስ ወይም ስኳር ጨምሩ፣ ኋላ ከውስጥ ለማውጣት ይላላል። ያለዚህ የሲሊኬት ኮር ከጊዛ ውስጥ በቺዝል እንኳ በመከራ ነው የሚወጣው። ድብልቁን በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ አየር ላይ ብቻውን መጠንከር ይጀምራል።

ሳጥኑን ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁ በኋላ በ3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጉና በዝቅተኛ ግፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀቁበት፣ በየቀዳዳው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። ብዙ ጋዝ ብዙ ጥንካሬ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ኮር በማግሥቱ ነጭ ዱቄት እያራገፈ ይፈርሳል። የሽቦው መንገድ እስከ ኮሩ ጫፍ ድረስ መቀጠል አለበት፣ ምክንያቱም ብረቱ ሲከብበው የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ካጣ ወደ ብረቱ ይገባል፤ በላይኛው ግድግዳ ላይ የሚታዩት አረፋዎች ከዚያ ነው የሚመጡት። ደረቁን ኮር በግራፋይት ዱቄትና በአልኮል ቀቡት። ካቲካላ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃው ይበዛበታል።

ሌላው፣ ኮር ይንሳፈፋል። አንድ ሊትር የሚሆን ኮር የቀለጠ ጊዛ ውስጥ ከ5 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፤ አሉሚኒየም ውስጥ ግፊቱ 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አሉሚኒየም ላይ የሠራ ዘዴ ጊዛ ላይ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፦ ኮሩ ከፍ ይላል፣ የላይኛው ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ይቀራል፣ የታችኛው 8 ይሆናል። የኮሩ ጫፎች ከእያንዳንዱ አፍ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አልፈው በሻጋታው ውስጥ ጠንካራ መቀመጫ ይኑራቸው፤ ረጅም ከሆነ መሃሉ ላይ ቆርቆሮ የተቀቡ ትንንሽ የብረት ድጋፎች ይግቡ። የዛገ ወይም ዘይት የነካው ድጋፍ ከብረቱ ጋር አይዋሐድም፣ ኋላ በዚያው ቦታ ጭስ ያፈስሳል።

የጣና ዳር አሸዋ ይሆናል ወይ ለሚለው፦ ለአሉሚኒየም ሻጋታ አዎ፣ ለጊዛ አይሆንም። የአካባቢው ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ከ1,100 እስከ 1,250 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ጊዛ ደግሞ በ1,380 አካባቢ ነው የሚፈስሰው። አሸዋው ከዕቃው ጋር ተጣብቆ እንደ መስታወት ይሆናል። በውስጡ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ካለ ደግሞ በዚያ ሙቀት ጋዝ ይለቅቃል። በ720 ዲግሪ የሚፈስሰው አሉሚኒየም ግን ይህን ሁሉ አይነካውም። አጥባችሁ፣ ሥራሥሩን አውጥታችሁ፣ ነፍታችሁ ከ8 እስከ 10 በመቶ ቤንቶናይት (አሸዋውን የሚያጣብቅ ሸክላ አፈር) እና ከ4 እስከ 5 በመቶ ውሃ ጨምሩ። በመዳፍ ሲጨበጥ የጣት አሻራ ይዞ፣ መሃሉን ሲሰብሩት ሳይፈረፈር ለሁለት መሰበር አለበት። ለጊዛ የሙገር ዓይነት ነጭ የሲሊካ አሸዋ ነው የሚያስፈልገው።

ለአሉሚኒየሙ ቁርጥራጭ ስትመርጡ አሮጌ ፒስቶንና ቴስታታ ውሰዱ። ሲሊከን ስላላቸው በቀጭን መንገድ በደንብ ይፈስሳሉ። የመስኮት ፍሬምና የመጠጥ ጣሳ ለዚህ አይሆኑም፤ ወፍራም ሆነው ይፈስሳሉ፣ ሲቀዘቅዙም ይሰነጠቃሉ። የሚያስፈልገውን መጠን ለማወቅ አሮጌውን ማኒፎልድ እስከ አፉ በሞላ ባልዲ ውስጥ ንከሩና የፈሰሰውን ውሃ ለኩ፤ በእያንዳንዱ ሊትር 2.7 ኪሎ ቆጥራችሁ፣ ለመግቢያ ቦዩና ለራይዘሩ (ዕቃው ሲኮማተር ትርፍ ብረት ለሚመግበው ጉድጓድ) እጥፍ አድርጉት። ራይዘሩ ወፍራሙ ፍላንጅ ላይ ይቁም፤ ቱቦው ቀድሞ ስለሚደርቅ ፍላንጁ ብረት እየተጠማ ውስጡ ይቦረቡራል። ከ760 ዲግሪ በላይ አታሙቁ። የጋለ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ ሲደርቅም የመርፌ ቀዳዳ ይሆናል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የባሕር ዳር አየር ይህ ይብሳል። ቁርጥራጩን፣ ማንኪያውንና ክሩሲብሉን (የማቅለጫውን ማሰሮ) አስቀድማችሁ እሳት ላይ አድርቁ። ይህ ለጥራት ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ቁራጭ የቀለጠ ብረት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ሲሚንቶ ወለል ላይም አታፍስሱ፣ ደረቅ አሸዋ አንጥፉበት።

ጊዛውን ወደ ፋውንደሪ ስትልኩ የኮር ሳጥኑን ላኩ እንጂ ኮሩን አትላኩ። የሲሊኬት ኮር እርጥበት ይስባል፣ የአባይ በረሃን መንገጫገጭም አይችልም። ፋውንደሪው ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ግድግዳው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብረቱ በ1,370 እና በ1,400 ዲግሪ መካከል ይፍሰስ። ከመፍሰሱ በፊት 0.3 በመቶ ፌሮሲሊከን (የብረትና የሲሊከን ቅይጥ)፣ ማለትም ለ20 ኪሎ 60 ግራም፣ ደረቅ ሆኖ ይግባና በ10 ደቂቃ ውስጥ ፈስሶ ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይደክማል። ሦስተኛው፣ ከማኒፎልዱ በፊት ትንሽ ሽብልቅ አፍስሰው ይስበሩ፤ ከጫፉ ርቆ የሚገባ ነጭ ካለ በቀጭኑ ግድግዳም ይደገማል። ነጭ ጊዛ መብሻ አያስገባም፣ በመጀመሪያው ሙቀትም ይሰነጠቃል። እዚሁ በከሰል ለማቅለጥ የሚሞክር ካለ በ1,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚያንስ አስቦ ነፋሹን ያሳድግ፤ ከመጽሐፍ የተወሰደ የነፋሽ መጠን እዚህ አይበቃም።

የፈሰሰው ዕቃ በአሸዋው ውስጥ ይደር። ወደ ፍሬዛ ከመሄዱ በፊት ጊዛው ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቆይቶ ከምድጃው ጋር ይቀዝቅዝ፤ ይህ ከተዘለለ ዛሬ የተስተካከለው ፊት ሞተር ላይ ሲግል ይጣመማል። ሁለቱን ማኒፎልዶች በመሃላቸው ጓርኒሲዮን አድርጋችሁ ካያያዛችሁ በኋላ በአንድ አያያዝ ፍረዙ። ለየብቻ ከተፈረዙ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሁልጊዜ አንዱን ያስተነፍሳል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ እንዳያልፍ አድርጉ።

የጫፍ ቀዳዳዎቹን ከስታዱ 2 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ ብሱ። 500 ሚሊ ሜትር ጊዛ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ መንሸራተቻ ካላገኘ ጆሮው ይሰበራል። ከዚያ አፎቹን ሁሉ በጎማና በኮምፔንሳቶ ዝጉ፣ በግማሽ ባር አየር ሞልታችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩት። በአንዱ አፍ ውሃ ሞልታችሁም ከአሮጌው ጋር አነጻጽሩ፤ የሚይዘው ውሃ በጣም ካነሰ ውስጡ አሸዋ ቀርቷል ማለት ነው። ማስገቢያው ውስጥ የቀረ ጥቂት አሸዋ የፒስቶን ፋሻና ሲሊንደር ይበላልና በሰንሰለት፣ በሽቦ ብሩሽና በሙቅ ውሃ ውስጡን እጠቡ፤ ነጭ ጨርቅ አሳልፋችሁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አትግጠሙ።

ሲገጠም ሁለቱን የሚያያይዙት ብሎኖች ላላ ብለው ይቆዩ። መጀመሪያ ከቴስታታው ጋር ያሉት ዳዶዎች በወፍራም ሮንዴላ ከመሃል ወደ ጫፍ ይጠበቁ፣ የመሃሎቹ ብሎኖች መጨረሻ። ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ጓርኒሲዮኑ ስለሚጎድል ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ በዚያው ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ድገሙት። የጫፎቹን ዳዶ ግን ከመሃሎቹ አታስበልጡ።