ከዳቦ ቤቱ ደርሶ መመለስ

በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ እማዬ ከወንበር እንኳን አታስነሳኝም ነበር። "ቁጭ በይ፣ አሁንኮ ለሁለት ነው የምትበዪው" እያለች አጥሚቱን ገንፎውን በላይ በላዩ፣ እኔም እርግዝናውን የጀመርኩት 94 ኪሎ ሆኜ ነው፣ ብንቀሳቀስ ልጁን የምጎዳው እየመሰለኝ ተኝቼ ከረምኩ። ሰባተኛው ወር ላይ የእርግዝና ስኳር ተገኘብኝ። በመተኛቴ ብቻ መጣ እያልኩ አይደለም፣ ውፍረቱም አለ የዘርም ነገር አለ፣ ግን እንቅስቃሴ እድሉን እንደሚቀንሰው ማንም አልነገረኝም፣ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

በሁለተኛው እርግዝናዬ ሀኪሟ ግፊቴን፣ ደሜን፣ አልትራሳውንዱን አይታ "ስፖርት ጀምሪ" ስትለኝ ጂም መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እሷ ያለችው ግን በቀን 10 ደቂቃ መራመድ ነው። ከቤት ሰፈራችን ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ፣ በቃ። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እየጨመርኩ 30 ደቂቃ ገባሁ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ ለእርጉዝ ሴቶች የመከረው 150 ደቂቃ ማለት ይሄው ነው።

ልኩን የማውቀው በወሬ ነው። እየሄድኩ ከባሌ ጋር ማውራት ከቻልኩ ጥሩ፣ ትንፋሼ ወሬውን ካቋረጠኝ ቀስ እላለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ ዳገቷም ከፍታዋም ያለከልካል፣ ሜዳ ሜዳውን ምረጡ። ሌላ ማንም የማያወራው ነገር፣ ታፋዬ እየተፋተገ ይልጠኝ ነበር፣ ከቀሚስ ስር እስከ ጉልበት የሚደርስ ታይት ሳደርግ ተገላገልኩ።

ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁ ግን እንዳትጀምሩ፣ እርግዝና የዳይት ጊዜ አይደለም። ከእርግዝና በፊት ቢኤምአይዋ (ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ የሚወጣው ቁጥር) 30ና ከዛ በላይ ለሆነች ሴት በጠቅላላው ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ነው የሚመከረው፣ እኔ 8 ጨመርኩ።

ደም ካያችሁ፣ ውሃ ከፈሰሳችሁ፣ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ እንደ ምጥ እየመላለሰ ከቆረጣችሁ ወይ አንድ ባታችሁ ብቻ ካበጠ አቁሙና ቶሎ ወደ ሀኪም። የእርግዝና ግፊት ያለባችሁ፣ እንግዴ ልጃችሁ ታች ነው የተባላችሁ ወይ የማህፀን በር ችግር ያለባችሁ ደግሞ ሀኪም ሳይፈቅድ እንዳትነኩት፣ በናታችሁ።

ጎረቤት "ኧረ ልጁ እንዳይወርድብሽ!" ይለኝ ነበር፣ እማዬም መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ዘጠነኛው ወር ላይ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እጄን ይዛ ዳቦ ቤቱ ድረስ፣ እኔን እርጉዝ ሆና ከወንዝ ውሃ ትቀዳ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው።