ይዩልኝ ይስሙልኝ

በ2014 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ የኮሮና ክትባት ስከተብ ፎቶ ተነሳሁና ለጠፍኩት። ማታ የአጎቴ ልጅ ደወለ።

«ይዩልኝ ይስሙልኝ ነው አይደል? መከተብ ነው ወይስ ፎቶ ያማረህ?»

እውነቱን ልናገር፤ ትንሽ ነበረበት። ሸሚዝ ቀይሬ ነው የሄድኩት።

ግን የገረመኝ ነገር አለ። ስለ ክትባቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የመረመረው የኔን ልብ ነው። ልቤ ለታይታ ቢሆን መርፌው አይሠራም እንዴ?

እናቴ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። ቢቸና አካባቢ በልጅነቷ ነው የያዛት። ታናሽ ወንድሟ አልተረፈም። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በክትባት ነው የጠፋው። ያኔ ክንዱን የሰጠ ሁሉ ለጽድቅ ብሎ ነው? አንዳንዱ ጎረቤቱን አይቶ፣ አንዳንዱም ተገዶ ይሆናል።

የስልኩን ነገር ለእናቴ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«አንተማ ድሮም ፎቶ ትወዳለህ። እኔን መቼ ትወስደኛለህ?»

በማግስቱ በባጃጅ ሄድን። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ዞር አለች።

«አንሳኝ እንጂ፣ ምን ትጎለታለህ!»